ራዲያተሩን የሞላው ማነው

መካኒኩ ጋሽ ብሎን የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከሞተሩ ይመዙና አፍንጫዬ ሥር ያመጡታል። ጥቁር መሆን የነበረበት ዘይት ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ አንገቱን ያሰግጋል። እኔ መኪና ባላውቅም የሰው ፊት አውቃለሁ፤ የጋሽ ብሎን ፊት ሐኪም ቤተሰብን ወደ ጎን ሲጠራ የሚያሳየው ዓይነት ነው።

ውሃው ከዘይቱ ተቀላቅሏል ይላሉ። የሞተሩ ክዳን በሙቀት ጎብጧል፣ ከሥሩ ያለው ውሃና ዘይቱን የሚለየው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ራሱም ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ለማሠሪያ የሚወጣው ብር ሌላ አሮጌ መኪና ይገዛል፣ ለነዳጅም ይተርፋል። ሰውየው አባባ በሕይወት እያለ ጀምሮ ይህችን መኪና ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ለመለዋወጫ የሚገዙ ሰዎች እንደሚያውቁ የሚነግሩን ቀስ ብለው፣ ወለሉን እያዩ ነው።

መኪናዋ አርጅታለች፣ ማን ይክዳል? በሮቿ ካልተመቱ አይዘጉም፣ ማርሽ ሲቀየር ታቃስታለች፣ መሪዋን ለቀቅ ካደረጉት ወደ ግራ ትነጉዳለች። ግን አባባ ካረፈ ወዲህ እማዬ ከቤት የምትወጣው በዚህች መኪና ብቻ ነው። ታክሲ ላይ ልውጣ ስትል ጉልበቷ እምቢ ይላታል፤ የሰው መኪና ለምኖ መሄድ ደግሞ ሞቷ ነው። ለዚህችኛዋ አባባ በበሩ ሥር ዝቅ ያለ መርገጫ አስበይዶላታል። እሁድ እሁድ እሱን ረግጣ ፊት ወንበር ላይ ትሰየማለች፣ መስኮቱን ታወርዳለች፣ ሳምንቱን ሙሉ የተቋጠረ ፊቷ ይፈታል። መኪናዋ ከተሸጠች እማዬ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ስታይ ልትኖር ነው።

ጋሽ ብሎን ይህ ነገር ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ስትጨስ የጀመረ አይደለም ይላሉ። ስታፈስ ከርማለች፤ አላያችሁም ወይ? እኔም ወንድሜም ተቀዳድመን ራዲያተሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው እንላለን።

ሰውየው መኪናዋን ማንሻ ክሪኩን ፍለጋ ወደ ኋላዋ ይሄዳሉ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን ይጎትታሉ፣ ግማሹ ውሃ ነው። የኔ ናት። ምን ይዋጠኝ እያልኩ ሳለ ከተለዋጭ ጎማው ጀርባ ደግሞ ሰማያዊ ጀሪካን ብቅ ይላል። እሱን አይቼው አላውቅም። ዞር ስል ወንድሜ ጫማውን እያየ ነው።

እንፋጠጣለን። እኔ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ደጅ ላይ እየተንጎራደድኩ፣ ማንም ሳያየኝ እሞላለሁ። እሱ ደግሞ ቅዳሜ ላጥባት ብሎ ሲወጣ ይሞላል። ለካ ያ ሁሉ ትጋት ለዚህ ኖሯል! እኔ፣ መኪናዋን ሸጠን ሱቅ ልክፈት እያለ የሚነዘንዘኝ ወንድሜ መሸጫ ሰበብ እንዳያገኝ ብዬ ነበር የደበቅኩት።

"እኔ ደግሞ ማሳከሚያው ስለሰለቸሽ አንድ ቀን ድንገት ትሸጫታለሽ ብዬ ፈራሁ፣ እታለም" ይላል። "ለእማዬ ብዬ ነው።"

ቆሽቴ ያርራል፤ በሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ አንድ ማዕድ እየበላን፣ እንዴት አንድ ቃል አጣን? ጋሽ ብሎን ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው ይጨምራሉ፦ መጀመሪያ የተሰነጠቀችው አንዲት የጎማ ቱቦ ነበረች፣ ያኔ ብታመጧት ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ቀይሬ እሸኛችሁ ነበር። ከዚያ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ።

"ቆይ፣ አንቺ ማታ፣ እሱ ቅዳሜ" ይላሉ። "እንዲህ የምታፈስ መኪና ሌሊቱን ስታንጠባጥብ አድራ ጠዋት ሙሉ አትገኝም። ጠዋት ጠዋት የሚሞላት ማነው?"

እውነት ነው። ጠዋት ከፍቼ ሳያት ሁልጊዜ ሙሉ ነበረች። እኔማ ዳነች ብዬ ተመስገን ስል ነበር። ወንድሜን አየዋለሁ፣ እኔ አይደለሁም በሚል ራሱን ይነቀንቃል።

ስልኬ ይጠራል። እማዬ ናት። ወንድሜም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።

"ልጄ፣ ደርሳችኋል?" ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ዛሬ ጉልበቴ አስሮ ያዘኝና መነሳት አቃተኝ። የመኪናዋን ውሃ ሳልጨምር አመለጣችሁኝ። አባታችሁ ሲሰናበተኝ ውሃ ታፈሳለችና እያየሽ ሙይላት፣ ልጆቹ ከሰሙ ይሸጧታል ብሎኝ ነበር። እናንተ ሳትነሱ በማንቆርቆሪያ እሞላላት ነበር። አትቆጡኝ። አሁን ባላችሁበት ቁሙና ጨምሩላት፣ እንዳትቃጠል።"

ማንቆርቆሪያ ይዛ በዚያ ጉልበቷ የበረንዳውን ደረጃ ስትወርድ ይታየኛል። እኛ ተኝተን። ጋሽ ብሎን ፊታቸውን ያዞራሉ።

"እሺ፣ እማዬ" እላለሁ።

"ተባረኪ። እሁድ እንግዲህ ወደ ውሃው ዳር ውሰዱኝ፤ አባታችሁ ይወስደኝ የነበረው ቦታ። ደህና ናት አይደል?"

ስልኩን ለወንድሜ እዘረጋለሁ። እጁን ወደ ኋላ ይሰበስባል።