ከኋላዋ ያለው ግድግዳ

መምህርቷ ለሚዲያ ክበብ ተማሪዎቿ ዘወትር የምትነግራቸው አንድ ነገር ነበር። «የሚያወራውን ሰው ተዉትና ከኋላው ያለውን እዩ። ሰው ስለ ፊቱ እንጂ ስለ ግድግዳው አይጠነቀቅም።»

የዛሬውን ቪዲዮ ያመጣው ምንተስኖት ነው። በስልኩ አግኝቶት በፕሮጀክተር ከፈተው። ማስክ ያደረገች፣ የአንገቷ አጥንት ያገጠጠ ልጅ የክብደት መቀነሻ ዱቄት ታስተዋውቃለች። ድምፅዋን በመተግበሪያ ቀይራዋለች።

«ከዚህ ዱቄት በቀር ምንም አልቀምስም» አለች። «ቤተሰብ ከጠየቃችሁ ጾም ነው በሉ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። ጠዋት ልጇ ቁርሷን ሳትነካ «ጾም ነው እማ» ብላት ነበር የወጣችው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ማታም እህል የምትቀምሰው በስንት ልመና ነው። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እንደ መነኩሴ ነው የምትጾመው» እያለች ስትኮራ ከርማለች።

ስንቱ ልጅ ይጾም የለ እንዴ፣ አለች በሆዷ።

«እሺ፣ ከኋላዋ ምን ይታያል?»

ምንተስኖት ቪዲዮውን አቆመና የግድግዳውን ጥግ አጎላው። ጋዋን ለብሳ፣ ዲግሪዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ፎቶ ተሰቅሏል።

«የምርቃት ፎቶ ነው» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ። «የሌለበት ሳሎን የታለ? በዚህ ማንም አይታወቅም።»

ምንተስኖት ፎቶውን ይበልጥ አቀረበው።

«ቲቸር…» አለ።

ሠላሳው ተማሪ መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።