የላባው ብርድ ልብስ

የባሏ አርባ በወጣ ማግስት አማቷ ወይዘሮ ወደርየለሽ የላባ ብርድ ልብሱን ከአልጋዋ ላይ ገፍፈው ጓሮ ወረወሩት።

«የሞተ ሰው ላብ ታቅፈሽ እስከ መቼ ትተኛለሽ? እጠቢው!»

«እማማ፣ የቀረኝ ጠረኑ ብቻ እኮ ነው።»

«ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና! ጠምዝዘሽ እንዳትጨምቂው፣ ላባው ይሰባበራል።»

በልቧ እየረገመቻቸው አጠበችው። ውሃውን በመዳፏ እየተጫነች አወጣች፤ የተጓጎለውን ላባ በጣቷ እየበተነች ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። ሲደርቅ ሳሙና ሳሙና ብቻ ሸተተ።

«ይኸው፣ ደስ ይበልዎት!» ልትላቸው ተሸክማው ክፍላቸው ሰተት ብላ ገባች። አማቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው በመጨረሻው ቀን ለብሶት የነበረውን ያልታጠበ ካናቴራ ፊታቸውን ቀብረውበት ያሸቱት ነበር።

ካናቴራውን ከትራሳቸው ሥር ወሸቁና፣ «አንቺ፣ በር አይንኳኳም?» ብለው ጮኹባት።