የጨረቃ ታክሲ ስድስተኛው ክፍል

«ስድስተኛው ይውጣ! ይውጣ!» እያለ ባሌ ይትባረክ ሶፋው ላይ ይዘላል። እኔም አብሬው እዘላለሁ፤ «የጨረቃ ታክሲ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የማይጫወት ሰው ቤታችን አይገባም። ዛሬ ተጫዋቹ ሁሉ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው። «ይውጣ» ያለ ሰው ከትዝታዎቹ አንዱን ለጨዋታው ይሰጣል፤ አዲሱ ክፍል የሚሠራው ከዚያ ነው። የተሰጠው ትዝታ ደግሞ ከሰጪው ጭንቅላት ይጠፋል።

«ያቺ የአምስተኛው ክፍል ሙሽራ ካልተመለሰች ግን አኩርፋለሁ!» አለኝ። «ታክሲው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ቬሎዋን ሰብስባ ከሙሽራው ጋር ስትገፋ! ረዳቱ ‹ሙሽሮች በርቱ፣ ዛሬ ሒሳብ የለም!› ብሎ ሲጮህ! እንዲህ ያለ ሰርግ የማን ይሆን?»

ጭቃው ያልለቀቀው ቬሎዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። የሰርጋችንን ቀን ለአምስተኛው ክፍል የሰጠው እሱ ራሱ ነው። ስስቅ እንባዬ መጣ።

«በይ ተጫኚው እንጂ፣ ትርንጎ!»

«አይውጣ» የሚለውን ተጫንኩት። ከሶፋው ዘሎ ወረደ።

«ና፣ አምስተኛውን እንድገመው» አልኩት። «ሙሽራዋን እኔ ልሁን።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ።

«ታክሲ መግፋቱን ግን ትችይዋለሽ?»