የምንታምር ጩኸት

«ሦስት መቶ ወንድ ከመሬት ሆድ ጎትቼ የማወጣው እኔ ነኝ!» ትላለች ምንታምር፣ ሰፈሩን እስክታሰለች። ጉራ ብቻም አልነበረም። ሰው ሳይረን መስማት ተወ ተብሎ ደወሉ ሁሉ በልጅ ጩኸት ከተተካ ወዲህ፣ አባቷ በሚሠራበት የከሰል ማውጫ ውስጥ የአየር ማራገቢያው ሲቆም የሚያስተጋባው በድምፅ የተቀዳው የእሷ «አባዬ፣ ውጣ!» ነው። ማራገቢያው እየሠራም፣ ለሙከራ ብቻ፣ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያስጮኹታል።

እሁድ ምሳ ላይ ከጓዳ የጋዝ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

«አባዬ፣ ውጣ!»

አባቷ ቀናም ሳይል ጉርሻውን ጠቀለለ። እጁን ይዛ እየጎተተች ደጅ አደረሰችውና ተመልሳ ሲሊንደሩን ዘጋች።

«አልሰማኸኝም እንዴ?» አለች ደጅ ወጥታ።

«ሰማሁሽ። ሙከራ መስሎኝ ነው።»

«ታች ስጮኽስ? እዚያ ትወጣላችሁ አይደል?»

«ታችማ አንቺ ስትጮኺ ምሳ ዕቃችንን ነው የምንከፍተው።»