ወደ ቀድሞው መልስልኝ

ሀፊዛ ውጫሌ ውስጥ የሠርግ መጥሪያ ካርድ እየሠራች ትተዳደራለች። መሣሪያዋ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ከሱ የባሰ ያረጀ ማተሚያ ነው። ሁለቱ ተግባብተው እስከሠሩ ድረስ የሚጎድላት ነገር አልነበረም።

ሠርግ በተደራረበበት ሰሞን አንድ ቀን ጧት ላፕቶፑን ስትከፍተው ሌላ ሆኖ ጠበቃት። ሌሊቱን ራሱን አፕዴት አድርጎ አዲስ ሲስተም ጭኗል። የአማርኛ ፊደሎቿ ባዶ ሣጥን ሆነዋል፤ ማተሚያውም ያንኑ ሣጥን ያትማል።

አባቷ ጋሽ ኑርዬ የግሸን ተሳላሚዎችን በአውቶብስ ሲያመላልሱ ያረጁ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከሀፊዛ ጋር ብቻ ነው። መሪ የሌለው ነገር አይገባኝም ይላሉ። ቢሆንም ልጃቸውን ብቻዋን መላክ አልሆነላቸውም፤ ሐይቅ ከተማ ሙነወር የሚባል ጎበዝ ጠጋኝ እንዳለ ሰምተው አብረው ሄዱ።

የሙነወር ሱቅ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱ እትዬ ፈዲላ ከከፈቱት ዓሣ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በጣም ጠባብ ስለሆነ ጋሽ ኑርዬ ወደ ዓሣ ቤቱ ተሻግረው ጠበቁ።

ሙነወር ነገሩን አስረዳት። አዲሱ ሲስተም ሲጫን አሮጌው ለጥቂት ቀን ተቀምጦ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከደረሱ ወደ ቀድሞው መመለስ ቀላል ነው፤ ከዘገዩ ግን ራሱን ያጠፋል። ይህን ብሎ መመለሻውን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ሲዞር እሱ ጨዋታ ያመጣል፣ እሷ ትስቃለች። ፊደሎቿ ሲመለሱ ሀፊዛ ቶሎ ማለቁ ቅር አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ላፕቶፑ እንደገና ተቀየረ።

ሙነወር ግራ ገባው። በራሱ እንዳይጭን ዘግቶት ነበር።

«ሰው ‹እሺ› የሚለውን ካልተጫነለት አይመጣም» አላት ፈገግ ብሎ።

ያቺ ፈገግታ ሀፊዛን እስከ ውጫሌ ተከተለቻት። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ አሰበች። ላፕቶፑን መጨረሻ የነካው ማነው? ሙነወር። እንዲህ ያለውን ተንኮል የሚያውቅስ? እሱው። ለምን እንደሚያደርገው ለመገመት ደግሞ በመስኮቱ ላይ የራሷን መልክ ማየት በቃት። ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው።

መጀመሪያ እንዴት አድርጋ ሳታስከፋው እምቢ እንደምትለው ተለማመደች። ላፕቶፑ መቀያየሩን አላቆመም፤ በተከታዩ ጉዞ እምቢታው እያጠረ ሄደ። ከዚያ በኋላ የምትለማመደው እሺ ማለትን ሆነ፤ እሱም ቶሎ እንዳይመስልባት ትንሽ እያንገራገረች።

አባቷም ነገሩ የገባቸው መሰላት። ሐይቅ በሄዱ ቁጥር ጢማቸውን ሒና ይቀባሉ፤ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ያደርጋሉ። አንዴ የአምባሰል ማር ይዘው ሄዱ። ድሮ የዓሣ ሽታ ያመኛል የሚሉ ሰው አሁን እሾሁን እየለቀሙ ሁለት ዓሣ ይጨርሳሉ። እትዬ ፈዲላን ስለ ዘመዶቻቸውና ስለ አገራቸው ሲያጫውቷቸው በግድግዳው በኩል ይሰማታል። ሀፊዛ የአማቶቿን ቤት እያጠኑላት እንደሆነ ተረዳችና አባቷን ይበልጥ ወደደቻቸው።

«የጨዋ ቤት ነው» አሏት አንድ ቀን ሲመለሱ።

«አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል።

ጨዋታው ግን ከልክ አለፈ። ሀፊዛ ወረቀት ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ ላፕቶፑ ዳግመኛ ተቀይሮ ነበር። ሳታስተውል የአንዲት ሙሽራ ካርድ አተመችበት። የሙሽራዋ ስም ባለበት ቦታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ወጡ። ሙሽራዋ አለቀሰች፤ እናቷ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ በትና ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላ ዛተች። ሀፊዛ ለምና አንድ ቀን አስታገሠቻት።

በማግስቱ ሐይቅ የሄደችው ብቻዋን ነው። ጋሽ ኑርዬ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ቤት ቀሩ። እሷም ብቻዋን መሆኗን አልጠላችውም፤ ዛሬ ነገሩ እንዲለይለት ቆርጣለች።

ሙነወር ላፕቶፑን መለሰላት። ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ያዙ፤ የሙሽራዋም ስም መጣ። ሀፊዛ አመሰገነችውና ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

«ሙነወር፣ እውነቱን ንገረኝ። ይህን የምታደርገው አንተ ነህ አይደል?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያስ ማነው?»

ሙነወር የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋው። ጆሮው ቀልቷል። ተነሥቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከዚያ እሷንም እንድትቀመጥ ለመናት። ከጧት ጀምሮ ሊነግራት የፈለገው ትልቅ ጉዳይ እንዳለ፣ ከየት እንደሚጀምረው ግን እንደጨነቀው ነገራት።

ሀፊዛ ሻሿን አስተካከለች። ልቧ እንደ ባጃጅ ሞተር ይንደቀደቃል። እሺታዋ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ማንገራገሩንም ተወችው።

«ከመጀመሪያው ጀምር» አለችው።

«አባትሽ የላኳቸው ሽማግሌዎች እናቴን ለእሳቸው ሊለምኑ ጧት ቤታችን መጥተው ነበር» አለ ሙነወር። «እናቴ እሺ ብላለች፤ ከእንግዲህ ግን የልጃቸውን ኮምፒውተር እንዳይነኩ ንገሪልኝ ብላሻለች።»