ባትሪ የሌለው ካሜራ

ባለሱቁ ለማንም የማያስፈልገውን ዕቃ አይሸጥም የተባለለት ሰው ነበር። ጥቁር የለበሰችው ሴት አዲስ ካሜራ ስትጠይቀው እንኳ፣ መጀመሪያ በእጇ የያዘችውን አሮጌውን ተቀብሎ አገላበጠው። «እናቴ፣ ገንዘብዎን ለምን በከንቱ ያወጣሉ? ይሄ ምንም አልሆነም፤ ባትሪ ብቻ ነው የሌለው» አላት። ከመሳቢያው አንድ ባትሪ አውጥቶ ከተተበትና የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተው። አንድ ወጣት ዳቦ ጎርሶ ሲስቅ ታየ። «ልጅዎ ነው? ቁርጥ እርስዎን!»

ሴትዮዋ መዳፏን ቀስ ብላ ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፤ የተኛ ሰው ፊት ላይ ብርሃን እንዳያርፍ የምትከልል ትመስል ነበር።

«ባትሪውን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ልጄ፤ በቀብሩ ማግስት» አለችው። «ትናንት እህቱ ወለደች። እሱ የሌለበት ካሜራ ስጠኝ።»