«ዕረፍት» ብቻ ይሉ የነበሩት አባት

«እዚህ ቤት ሕመምተኛ አለ። አባቴን ልትገድሉት ነው እንዴ የመጣችሁት?»

ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛዋለች…

ውጪ የቆሙት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንገታቸው ላይ የቡድናቸው ስካርፍ… አንደኛው ብብቱ ስር ስፒከር ሸጉጧል።

ሰው ሕመምተኛ ሲጠይቅ ብርቱካን ይይዛል… እነዚህ ስፒከር!

ባለ ስፒከሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ክርክር ሲጦፍ ተናዶ ውልቅ ብሎ ስለሚሄድ «ቀይ ካርድ» ይሉታል። አብሮት ያለው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሁለቱም ከአባቷ ጋር ስታዲየም አብረው ያረጁ ደጋፊዎች ናቸው።

ከዚህ በፊትም መጥተው ከበር መልሳቸዋለች።

አይፈረድባትም…

አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ጨዋታ እያዩ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ከቃል ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ቀረቻቸው።

«ዕረፍት።»

ጠዋት «ዕረፍት»… ማታ «ዕረፍት»… ልጅቷ ሾርባ በማንኪያ ስታስጠጋላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ዕረፍት»።

ሐኪሙም ከሆስፒታል ሲያስወጣቸው ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል ብሏት ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። የበሩን ደወል ነቀለች። ጠያቂ ከለከለች። ራሷም በካልሲ ነበር የምትንቀሳቀሰው… ቤቱ ጭር አለ።

አባትየው ግን ባሰባቸው። እያለቀሱ ይሏት ጀመር… «ዕረፍት… ዕረፍት…»

ያኔ ነው የቃሉ ሌላ ትርጉም ድንገት የመጣባት።

ሰው ሲሞት «አረፈ» አይደል የምንለው?

አባቷ «ልሙት» እያሏት እንደሆነ ገባት… ወይም የገባት መሰላት።

ይህን ከአባቱ አፍ መስማት ለማንም ልጅ አይድረሰው። ሳህኑን ታቅፋ ወጥ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። መብላት ካልጀመሩ ብዙ እንደማይቆዩ ሐኪሙ ነግሯታል። ታዲያ በግድ ታጉርሳቸው… ወይስ የለመኗትን ትፈጽምላቸው? የሚያማክራት እህት ወንድም የላትም።

እንግዲህ ሰዎቹ በሩን ያንኳኩት እንዲህ ሆና ነው።

ቀይ ካርድ አንዴ ብቻ አይተነው እንሂድ ብሎ በትሕትና ለመናት። በዚህ ጊዜ የያዘችው ሁሉ አመለጣት።

«ማንንም ማየት አይፈልግም! ሞቱን ነው የሚፈልገው። ቀን ከሌት ዕረፍት፣ ዕረፍት እያለ ይለምነኛል… እኔ ምን ላድርግ?»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ።

«ዕረፍት ነው ያልሽው?» አለ ቀይ ካርድ።

«አዎ።»

«ልጄ… አባትሽ ሞት አይደለም የጠየቀሽ። ተራውን ነው።»

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ…

የእነዚህ ሰዎች ቡድን መሸነፍ ሥራው ነው። እነሱም ያውቁታል። ታዲያ ምን ፍለጋ ይሄዳሉ? ዕረፍት ፍለጋ! በሁለቱ አጋማሾች መሀል ላለችው አሥራ አምስት ደቂቃ። በየጨዋታው አንዱ የሚወደውን አልበም ይዞ መጥቶ በስፒከር ያሰማል። ሌሎቹ ያጣጥሉበታል… እሱ ይሟገታል። ለፍፁም ቅጣት ምት ያልተጣሉ ሰዎች በአንድ የሳክስፎን መግቢያ ሳምንት ይኮራረፋሉ።

መጠያየቂያቸውም አንድ ናት… «ዛሬ ዕረፍቱ የማን ነው?»

አባትየው የወደቁ ቀን ዕረፍቱ የእሳቸው ነበር።

አንድ አልበም ብቻ አውጥታ የጠፋች ዘፋኝ ነበረች… ከእሳቸው በቀር የሚያስታውሳት ያለ አይመስልም። «ዘንድሮ አፋችሁን ነው የማስይዛችሁ» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲፎክሩ ከረሙ። የወደቁት ግን በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ዕረፍት ሳይደርስ።

ልጅቷ በሩን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሰዎቹ ገቡ። ቀይ ካርድ ስፒከሩን ትራሱ አጠገብ አድርጎ፣ ላመለጣቸው ተራ ፈልጎ ያመጣውን የዚያችን ዘፋኝ አልበም ከፈተ።

አባትየው ዓይናቸውን ገለጡ… በግራ እጃቸው አንሶላውን ጨመደዱ… እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ልጅቷ ዘፈኑን ሰምታው አታውቅም። አባቷ እሷን እንዳይረብሿት ዕድሜ ልካቸውን በጆሮ ማዳመጫ ነበር የሚሰሙት።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቀይ ካርድ እንደ ልማዱ ጀመረ።

«አሁን ይሄ ዘፈን ነው? ድምፅዋ እኮ ዘይት ያልነካው በር ነው።»

ልጅቷ ደነገጠች። የአባትየው ከንፈር ተንቀጠቀጠ… ታገሉ… ታገሉ…

«ዝም… በል።»

ቀይ ካርድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ።

አልበሙ ሲያልቅ ልጅቷ ሾርባውን አምጥታ ማንኪያውን አስጠጋች። አባቷ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ድነው ተነስተው ሄዱ ብዬ አልዋሻችሁም። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ሕመሙ ተመልሶ ወሰዳቸው። እስከዚያ ግን እየበሉ፣ እየሰሙ፣ በአንድ ዓይናቸው ቀይ ካርድን እየገላመጡ ነው የኖሩት።

ልጅቷን ዛሬም የሚያቃጥላት መሞታቸው አይደለም። ከቀብር በኋላ ለቀይ ካርድ እንዲህ አለችው…

«ሙዚቃ ሲለምነኝ ጸጥታ ሰጠሁት።»

ወዳጆቼ… ይህች ልጅ ክፉ አልነበረችም። አባቷን አጥባለች፣ አገላብጣለች፣ እንቅልፍ አጥታላቸዋለች። የደም ግፊታቸውን ቁጥር በቃሏ ታውቅ ነበር። የሚወዱትን ግን አታውቅም ነበር… ጠይቃም አታውቅም። የምንወደውን ሰው ካላወቅነው ፍቅራችን ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ትምህርቱ ይኸው ነው።

እስቲ እናንተ… አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት አልበም የማን ነው?

ሳትጠይቋቸው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ካላወቃችሁ ግን… ኮሜንቱን ተዉትና ደውሉላቸው።